«አቅም» የሚለው ቃል ያሳሳተን፦ ስለ ሰውነት መከላከያና ስለ ካንሰር የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

በአማርኛ «የሰውነት በሽታ የመከላከል አቅም» እንላለን። አባባሉ በኤች አይ ቪ ትምህርት ዘመን በሬዲዮ ቤታችን ገብቶ እዚያው ቀረ። ችግሩ ያለው «አቅም» የምትለው ቃል ላይ ነው። አቅም ይጠነክራል፣ ይደክማል። ስለዚህ ካንሰር የያዘው ሰው ከጎረቤቱም ከዘመዱም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «አቅምህን ገንባ»። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ በብልቃጥ የታሸገ ቫይታሚን ይቀርብለታል። ካንሰርን በተመለከተ ግን ዋናው ጥያቄ የሰውነት ዘብ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው አይደለም። ጠላቱን ለይቶታል ወይ? አጠገቡ ደርሷል ወይ? ከደረሰ በኋላስ እጁን ማን ያዘው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

ብርታት ብቻውን እንደማይበቃ በቀላሉ ይታያል። አልሰራቲቭ ኮላይቲስ የሚባል በሽታ ያለባቸው ሰዎች መከላከያቸው ከመጠን በላይ ነቅቶ የገዛ ትልቁ አንጀታቸውን ያቆስላል። በሽታው ለዓመታት ሲቆይባቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ስጋታቸው ከሌላው ሰው ይበልጣል እንጂ አያንስም። ቁስሉ በተደጋጋሚ ሲድን ሕዋሳት ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥርም ስህተት ይበዛል።

አሁን ዘቡ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። እህል ተራ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ነጋዴው ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ ያሳያችኋል፤ እናንተም እፍኙን አይታችሁ በጆንያው ላይ ትፈርዳላችሁ። የሰውነታችን ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው። በውስጣቸው የሚመረተውን ፕሮቲን እየቆራረጡ፣ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 አሚኖ አሲድ የምትረዝም ቁራጭ፣ ኤችኤልኤ በሚባል መያዣ ላይ አድርገው በገጻቸው ላይ ያሳያሉ። ገዢው ቲ ሴል ነው። እየዞረ እፍኙን ያያል። እንክርዳድ ያየበት ሕዋስ ላይ ይጣበቃል፣ ፐርፎሪን በሚባል ፕሮቲን ሽፋኑን ይበሳል፣ በቀዳዳውም ግራንዛይም ያስገባል፤ ያኔ ሕዋሱ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ቲ ሴሉም ወደ ሚቀጥለው ያልፋል።

ግን ቲ ሴል ዝም ብሎ አይነሣም። አስቀድሞ ዴንድሪቲክ የሚባለው ሕዋስ ናሙናውን ከዕጢው ሰፈር አንሥቶ ወደ ንፍፊት፣ ማለትም ሲያብጥ በብብትና በብሽሽት ወደምንዳስሰው የሊምፍ ዕጢ፣ ይወስደዋል። እዚያ ለቲ ሴሉ ናሙናውን ብቻ አያሳየውም፤ «አደጋ አለ» የሚል ሁለተኛ ምልክትም ይሰጠዋል፤ ቲ ሴሉ ይህን የሚቀበለው ሲዲ28 በሚባል እጀታ ነው። ሁለተኛው ምልክት ከጎደለ ቲ ሴሉ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ይባስ ብሎ ለዚያ እንክርዳድ ይደነዝዛል። ካንሰር ጸጥ ብሎ፣ ግርግር ሳይፈጥር የሚያድገው ለዚህም ጭምር ነው።

ዘቡ ካንሰርን በእርግጥ ይጠብቃል ወይስ ግምት ብቻ ነው ብትሉ፣ መልሱ ያለው መከላከያቸው በመድኃኒት ወይም በበሽታ በወረደባቸው ሰዎች ላይ ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ ባዕዱን አካል እንዳይገፋ መከላከያውን የሚጫን መድኃኒት ያለማቋረጥ ይወስዳል። በእነዚህ ሰዎች ላይ ካፖሲ ሳርኮማ፣ የሊምፍ ካንሰር፣ የማህፀን በርና የጉበት ካንሰር ይጨምራሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለባቸው ሰዎች ላይም ዝርዝሩ በአብዛኛው ያው ነው። የጡትና የፕሮስቴት ካንሰር ግን ይህን ያህል አይጨምሩም። ለምን? የሚጨምሩት አብዛኞቹ ከጀርባቸው ቫይረስ ያለባቸው ናቸው። ቫይረስ ባዕድ ስለሆነ እፍኙ ውስጥ ያለው እንክርዳድ ወዲያው ይታያል፤ ዘቡ ሥራውን በደንብ ይሠራ ነበርና ሲነሣ ጉድለቱ ይታወቃል። የጡት ካንሰር ከራሳችን ጤፍ የበቀለ ነው፤ የተለወጡት ፍሬዎች ጥቂት ናቸው። ቫይረስ ከሌለባቸው ካንሰሮች ንቅለ ተከላ ባላቸው ሰዎች ላይ በጣም የሚጨምረው ፀሐይ ያመጣው የነጮች የቆዳ ካንሰር ነው፤ እሱም ዘረ መሉ በፀሐይ ጨረር ብዙ ቦታ የተበላሸ፣ ማለትም እንክርዳዱ የበዛ ነው።

አንድ የስኮትላንድ ታሪክ ልጨምር፤ በ2003 ለሕክምናው ዓለም የተዘገበ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ኩላሊት ለጋሽ ከ16 ዓመት በፊት ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ወጥቶለት ድኗል ተብሎ ነበር። ከሞተ በኋላ ሁለቱ ኩላሊቶቹ ለሁለት ሰዎች ተሰጡ። ሁለቱም ሜላኖማ ያዛቸው። ካንሰሩ በለጋሹ ሰውነት ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ተኝቶ ኖሯል፤ አልጠፋም፣ አላደገምም፤ ዘቡ ይዞት ነበር። መከላከያቸው በመድኃኒት ወደተያዘ ሰዎች ሲሻገር ግን ተነሣ። ባለሙያዎች ይህን መያዝ «ሚዛን» ይሉታል፤ ከሦስቱ ደረጃዎች መካከለኛው ነው፦ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ማጥፋት ካልተቻለ መያዝ፣ መያዙ ሲያቅት ማምለጥ። የሚያመልጠው ካንሰር በዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈው ነው። አንዳንዱ እፍኝ ማሳየቱን ጭራሽ ይተዋል፤ «አላሳይም» የሚል ነጋዴ ሲያጋጥማቸው የሚጠራጠሩ ኤንኬ የሚባሉ ሌሎች ገዳይ ሕዋሳት አሉ፣ ሁልጊዜ ግን አይደርሱበትም። ሌላው የቲ ሴሉን ፍሬን ይረግጣል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን መከላከል። እዚህ ያለው ድል ከየትኛውም አዲስ መድኃኒት የሰፋ ይመስለናል፤ የጋዜጣ ርዕስ የሚሆነው ግን ሕክምናው ነው።

ሐራልድ ዙር ሐውዘን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1983 እና በ1984 ኤችፒቪ 16 እና 18 የሚባሉትን ቫይረሶች በማህፀን በር ካንሰር ውስጥ አገኘ፤ በ2008ም ኖቤል ተሸለመ። እነዚህ ሁለቱ ብቻ 70 በመቶ ያህሉን የማህፀን በር ካንሰር ያመጣሉ። ቫይረሱ ብልጥ ነው። ወደ ደም አይገባም፣ የያዘውን ሕዋስ አያፈነዳም፣ ትኩሳትም ሆነ ብግነት አያመጣም። «አደጋ አለ» የሚለው ሁለተኛ ምልክት ስለማይነሣ ዘቡ ዘግይቶ ያውቃል። ያም ሆኖ አብዛኛዋ ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ ታጠፋዋለች። በቀረባት ላይ ከቫይረሱ እስከ ካንሰሩ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል፤ ኤች አይ ቪ ሳይታከም ሲቀርና መከላከያው ሲደክም ይህ ወደ 5–10 ዓመት ያጥራል። ኤች አይ ቪ ባለባት ሴት የማህፀን በር ካንሰር ስጋት 6 እጥፍ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

የኤችፒቪ ክትባት የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ውስጡ ዘረ መል ስለሌለ ሊያሳምም አይችልም። የሚፈጠረው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱን ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ ይይዘዋል። ከገባ በኋላ ግን አይደርስበትም። ስለዚህ ከ9 እስከ 14 ዓመት፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በፊት መሰጠቱ የባህል ጉዳይ ሳይሆን የአሠራሩ ነው። በስዊድን በ2020 የወጣው ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው የተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር 88 በመቶ እንዳነሰ አሳይቷል። ኢትዮጵያ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዶዝ ጀመረች፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ አንድ ዶዝም እንደሚበቃ ከተቀበለ በኋላ በ2024 ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን በአንድ ዶዝ ለመድረስ ዘመቻ ተደርጓል። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ እናንተም ሰምታችኋል። ባዶ ቅርፊት ወደ ማህፀንም ሆነ ወደ እንቁላል የሚሄድበት መንገድ የለውም። ይልቅ ልጅ መውለድን የሚያስቀረው ካንሰሩ ሲመጣ ማህፀን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምናና የጨረር ሕክምናው ነው።

የጤና ባለሙያዎች ካላችሁ አንድ ነገር፦ ይህ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ መቀዝቀዙ ሳይሆን በረዶ መሆኑ ይገድለዋል። ውስጡ ያለው የአሉሚንየም ጨው ሲረጋ ይጓጉላል፤ ከቀለጠ በኋላ በዓይን ደህና ይመስላል። ከተጠራጠራችሁ ከዚያው ባች አንዱን ብልቃጥ ሆን ብላችሁ አርጉትና አቅልጡት፤ ሁለቱን አናውጣችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የተጠረጠረው እንደረጋው በፍጥነት ከዘቀጠና ከላዩ ከጠራ ይጣላል። መጠኑ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ የሚወጋው የላይኛው ክንድ ጡንቻ ላይ ነው። ልጅቷ 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ፤ በዚህ ዕድሜ መርፌ አይተው የሚዝለፈለፉ አሉ፣ ወሬውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የጉበት ቫይረስ ቢ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ጉበቱን የሚጎዳው በአብዛኛው ቫይረሱ ሳይሆን ዘቡ ራሱ ነው፤ ያጠቃል፣ አያጠፋም፣ ጉበቱ ይተካል፣ እንደገና ያጠቃል። ከ20፣ 30 ዓመት በኋላ ካንሰር። ሲወለድ የተያዘ ሕፃን ከ10 ዘጠኙ ቫይረሱን ይዞ ይቀራል፤ አዋቂ ሲያዝ ግን ይዞት የሚቀረው ከ20 አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የመጀመሪያው ክትባት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሰጥ ይመከራል። በኢትዮጵያ ከ2007 ጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በሚሰጠው የአምስትዮሽ ክትባት ውስጥ አለ። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት መስጠት ጀምራ የልጆች የጉበት ካንሰር ሲወርድ አየች፤ ካንሰርን በክትባት መቀነስ እንደሚቻል የመጀመሪያው ማሳያ ይኸው ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ» ብሎ ቅጠል ፍለጋ የሚሄድ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የቢ ምርመራ ያድርግ።

ወደ ሕክምናው። ዊልያም ኮሊ የተባለ የኒውዮርክ ቀዶ ሐኪም በ1891 ካንሰር ባለበት ሰው ላይ ባክቴሪያ መውጋት ጀመረ። ትኩሳቱ አንዳንዱን ፈወሰ፣ አንዳንዱን ገደለ፤ ማንን እንደሚፈውስ ማወቅ ስላልተቻለ ተረሳ። ከዚያ ሐሳብ እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለ አንድ ልጅ ግን አለ፦ ቢሲጂ። አዎን፣ ክንዳችን ላይ ጠባሳ የተወው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት። ከ1976 ጀምሮ በፊኛ ካንሰር ላይ ይሠራል።

ካንሰሩ ወደ ጡንቻ ያልዘለቀ ከሆነ በሽንት ቱቦ በኩል ተፍቆ ይወጣል፤ ቁስሉ እስኪሽር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት፣ 50 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ሕይወት ያለው ቢሲጂ በካቴተር ፊኛ ውስጥ ይገባል። ታካሚው ሕክምናው ሊጀመር 4 ሰዓት ሲቀረው ጀምሮ ፈሳሽ ይቀንሳል፤ አለዚያ መድኃኒቱን ሽንቱ ያቀጥነዋል፣ ለሁለት ሰዓት ያህል ፊኛው ውስጥ መያዝም ያቅተዋል። መድኃኒቱን ከሸና በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት በሸና ቁጥር ተቀምጦ ይሽና፣ በሽንቱ ልክ በረኪና ጨምሮ 15 ደቂቃ ቆይቶ ውሃ ይልቀቅበት፤ ባክቴሪያው ሕይወት አለውና። ካቴተር ሲገባ ደም ከታየ የዕለቱ ሕክምና ይቀራል፤ በቁስሉ በኩል ደም ውስጥ ከገባ ከባድ ሕመም ያመጣል። ማቃጠልና ቶሎ ቶሎ መሽናት ለአንድ ሁለት ቀን የተለመደ ነው። ከ38.5 ዲግሪ በላይ የሆነ፣ የማይወርድ ትኩሳት ግን የተለመደ አይደለም። የሚታከመው በነቀርሳ መድኃኒት ነው፤ ከእነሱ ውስጥ ፓይራዚናማይድ ቢሲጂን አይነካውም። በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ የሚገኘው የሽንት ቢልሃርዚያ የሚያመጣው የፊኛ ካንሰር ደግሞ ዓይነቱ ሌላ ስለሆነ ቢሲጂ አይመለከተውም። ናሙናው በመጀመሪያ በፓቶሎጂ ይታይ የምንለው ለዚህ ነው።

ቲ ሴልን ከታካሚው ደም አውጥቶ፣ በቤተ ሙከራ አዲስ ዓይን ተክሎለት መመለስም ተችሏል፤ ካር-ቲ ይባላል። በ2012 ፊላደልፊያ ውስጥ ኤሚሊ ዋይትሄድ የተባለች ሕፃን ሁለት ጊዜ ያገረሸ የደም ካንሰር ነበረባት፤ የታከመችበት ዘዴ በ2017 በአሜሪካ ተፈቀደ። ዋጋው ያኔ 475,000 ዶላር ነበር። ከዚህ በላይ ዛሬ አልሄድበትም፤ ለአብዛኛው ሰው የሚደርሰው ቀጣዩ ነው።

ፍሬን። ቲ ሴል ሲነሣ ማቆሚያም አብሮት ይወጣል፤ አለዚያ የራሳችንን አካል ይጨርሳል። ሲቲኤልኤ-4 የሚባለው ሲዲ28ን ገፍቶ «አደጋ አለ» የሚለውን ምልክት ይቀማዋል። ፒዲ-1 ደግሞ ዕጢው ዘንድ ከደረሰ በኋላ እጁን ይይዘዋል። ታሱኩ ሆንጆ በኪዮቶ ፒዲ-1ን በ1992 አገኘ፤ ጄምስ አሊሰን በ1996 ሲቲኤልኤ-4ን በመዝጋት በአይጥ ላይ ዕጢ እንደሚጠፋ አሳየ። በ2018 ኖቤሉን ተካፈሉ። ልብ በሉ፣ እነዚህን ፍሬኖች የሚዘጋው መድኃኒት ካንሰሩን አይነካም፣ አቅምም አይጨምርም። እግርን ከፍሬን ላይ ያነሣል፤ መኪናው መጀመሪያውኑ ካልተነሣ ግን ፍሬን መልቀቁ ዋጋ የለውም።

ለዚህ ነው እንክርዳድ የበዛባቸው ካንሰሮች፣ ሜላኖማና የሳንባ ካንሰር፣ የሚሰሙት፤ የቆሽትና የፕሮስቴት ካንሰር በአብዛኛው አይሰሙም። የተዛመተ ሜላኖማ ድሮ ከአንድ ዓመት ብዙም አያሳልፍም ነበር፤ ሁለቱ ፍሬኖች አብረው ከተነሡላቸው ሰዎች ግን 52 በመቶው ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። በጊኒ ዎርም ዘመቻ የምናውቃቸው ጂሚ ካርተር በ2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ አንጎል የደረሰ ሜላኖማ ተገኝቶባቸው የፒዲ-1ን ፍሬን የሚዘጋውን ፔምብሮሊዙማብ ወሰዱ፤ የሞቱት በ100 ዓመታቸው ነው። ቀዶ ሕክምናና ጨረርም ማግኘታቸው ሁልጊዜ ይረሳል። በ2022 ደግሞ የዘረ መል ጥገናቸው የተበላሸ የፊንጢጣ ካንሰር ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሰዎች ያለ ቀዶና ያለ ጨረር፣ በዚህ ዓይነት መድኃኒት ብቻ ዕጢው ከ12ቱም ጠፋ።

ለማን እንደሚሠራ የሚለየው ከዕጢው በተወሰደው ቁራጭ ላይ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ ምርመራው ደግሞ የሚበላሸው ቀዶ ክፍል ውስጥ ነው። ቁራጩ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በመጠኑ 10 እጥፍ በሆነ፣ አሲድነቱ በተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይግባ፤ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆይ። ዓርብ ተነክሮ እስከ ረቡዕ የተረሳ ናሙና «የለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

ፔምብሮሊዙማብ 200 ሚሊ ግራም በየ3 ሳምንቱ በደም ሥር፣ በ30 ደቂቃ ይሰጣል። ፀጉር አይረግፍም፣ ብዙ ጊዜ ማስመለስ የለም። ፍሬኑ ግን ከካንሰሩ ዘንድ ብቻ አይነሣም። ዘቡ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ የእንቅርት ዕጢን፣ አልፎ አልፎም ልብን ሊያጠቃ ይችላል፤ የልቡ ብርቅ ነው፣ ግን ገዳይ ነው። ድካም፣ ራስ ምታትና የደም ግፊት መውረድ አብረው ከመጡ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ይመርመር፤ የእንቅርት ሆርሞንም ኮርቲዞልም ከጎደሉ ሃይድሮኮርቲዞን ይቅደም፣ የእንቅርቱ ኪኒን ይከተል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ታካሚው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። የጉበት ምርመራ ከፍ ሲል ደግሞ ሐኪሙ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሁን የዱቄቱ መለየት አለበት፤ ሽፈራውም ይሁን ጥቁር አዝሙድ የምትወስዱትን ተናገሩ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ብዙ የሚያሳስተው ተቅማጥ ነው። ከወትሮው በላይ በቀን እስከ 3 ጊዜ ቀላል ነው፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ሆስፒታል። ካልታከመ አንጀት ይበሳል። ሰገራው ይመርመር፣ አሜባም ሊኖር ይችላል፤ ግን ሜትሮኒዳዞል ሰጥቶ ሳምንት መጠበቅ አይገባም። ከባዱ የሚታከመው በኪሎ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው ከ60 እስከ 120 ሚሊ ግራም ማለት ነው። የሚቀነሰው ቀስ እየተባለ በ4–6 ሳምንት ነው። እንደ አስም በ5 ቀን ሲቆም ተቅማጡ ይመለሳል። በ3–5 ቀን ካልበረደ ኢንፍሊክሲማብ የሚባል ሌላ መከላከያን የሚጫን መድኃኒት ይጨመራል፤ ከዚያ በፊት የነቀርሳና የጉበት ቢ ምርመራ ግድ ነው፣ የተኛውን ነቀርሳ ይቀሰቅሳልና።

ይህ ሁሉ ከመጨረሻው መርፌ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ታክሞ ለፋሲካ አገር ቤት የገባ ሰው ተቅማጥ ሲይዘው ቅርብ ክሊኒክ ይሄዳል። ሐኪሙ «ኬሞ ላይ ነዎት?» ይላል። ሰውየው «አይደለሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ኬሞ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «ባለፈው አንድ ዓመት ለካንሰር በደም ሥር የተሰጠዎት ማንኛውም መድኃኒት አለ?» ተብሎ ይጠየቅ። ታካሚውም የመድኃኒቱን ስም፣ የመጨረሻውን ቀንና የሐኪሙን ስልክ የያዘች ካርድ ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጥ።